ከዐረብ አገር መልስ፣ ለእርጅና የሚተርፍ ጥሪት

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ ስደት ገንዘብና ስለ እርጅና የሚያነሱትን አምስቱን መርጠናል። ደብዳቤዎቹን ፍሬ ነገራቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጡረታ አለኝ?

«ዕድሜዬ 47 ነው። ስድስት ዓመት ቤይሩት፣ ስምንት ዓመት ሪያድ የሰው ቤት ሠርቼ ባለፈው ዓመት አገሬ ገባሁ። ባንክ ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ብር አለኝ። የራሴ ቦታም አለኝ። ልጅ የለኝም። ስደክም በምን እኖራለሁ? የሠራሁት 14 ዓመት ለጡረታ ይቆጠርልኛል?» — ከሸዋ ሮቢት

እኅታችን፣ አይቆጠርልዎትም። ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን የሚመለስ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። አሜሪካ 10 ዓመት ያህል፣ ጀርመን 5 ዓመት መዋጮ የከፈለ ሠራተኛ በዚያው አገር የጡረታ መብት ያቋቁማል። በሳዑዲ ግን የውጭ ዜጋ በጡረታው ሥርዓት ውስጥ የለበትም፤ ሊባኖስም የቤት ሠራተኛን ከሠራተኛ ሕጓ ውጭ አድርጋዋለች። ለእርስዎ የተከፈለ መዋጮ ስለሌለ የሚተላለፍ ነገርም የለም።

አሁንም ግን በር አለልዎት፤ የሚዘጋበት ቀን ስላለው ብቻ አይዘግዩ። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ (አዋጅ ቁጥር 1268/2014) 60 ዓመት ሲሞላ ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። ከደመወዙ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። እርስዎ 60 እስኪሞላዎ 13 ዓመት አለዎት፤ 50 ካለፉ በኋላ ቢቀጠሩ ግን 10ሩ አይሞላም። ዘንድሮ በ6,000 ብር ቢቀጠሩ ከእርስዎ በወር 420፣ ከአሠሪው 660 ብር ይገባል። በ13 ዓመት የሚደርስዎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 33.75 በመቶ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። ደመወዙ ባይጨምር እንኳ 2,025 ብር ማለት ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ዕድሜ ልክ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሆቴልም ይሁን ትምህርት ቤት ሲቀጠሩ ከደመወዙ በፊት የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ የጡረታ መለያ ቁጥር ይወጣልኛል? 7 በመቶውስ በደመወዝ ወረቀቴ ላይ ይታያል? ከሠራተኛው ቆርጠው ገቢ የማያደርጉ አሠሪዎች አሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የጡረታ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማረጋገጥ አያሳፍርም።

ወደ 1.2 ሚሊዮኑ እንምጣ። በ7 በመቶ ወለድ በዓመት 84,000 ብር ያስገባል፤ 5 በመቶ የወለድ ግብር ቢነሣለት 79,800፣ በወር 6,650 ብር ይሆናል። በዚህ መኖር የሚቻል ይመስላል፤ ሰውም የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው። ወለዱን እየበሉ ዋናው ቁጥር ባለበት ይቆማል፣ ዋጋው ግን ይሟሟል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ በዓመት 30 በመቶ አልፎ እንደነበር አይዘነጋም። ሌላም ስሌት እነሆ፦ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር ከተዳከመ በኋላ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር፤ ያኔ የተቀመጠ 100,000 ብር 3,700 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ማሻሻያ ወዲህ ዶላር 100 ብርን ስላለፈ፣ ያው ገንዘብ ሰባት ዓመት ሙሉ 7 በመቶ ወለድ እየተጨመረበት ተጠራቅሞ እንኳ 1,600 ዶላር አይሞላም።

የእኛ ምክር እንዲህ ነው። የአንድ ዓመት ቀለብና መድኃኒት ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ፤ የቀረው ኪራይ ወደሚያስገባ ክፍል ይግባ፣ ካርታው በስምዎ በሆነ ቦታ ላይ። እዚህ ላይ የምናየው ትልቁ ጥፋት ስድስት ሰርቪስ ክፍል በአንድ ጊዜ መጀመር ነው። ግድግዳው ተነሥቶ፣ ቆርቆሮ ሳይለብስ ገንዘቡ ያልቃል፤ ያላለቀ ቤት ደግሞ አምስት ሳንቲም አያስገባም። ሁለት ክፍል ከነመጸዳጃው፣ ከነውሃውና ከነመብራቱ ይጨርሱ፤ ተከራይ ይግባ፤ ከዚያ ሦስተኛው ይጀመር። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነውና ኮርኒስ የሌለው፣ ፊትና ኋላ መስኮት የሌለው ክፍል ተከራይ አይቆይበትም። ከተማዎ በቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) የሚሸፈን ከሆነ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበትም ይወቁ።

የካርታውን፣ የባንክ ደብተሩንና የፓስፖርቱን ቅጂ ሌላ ከተማ ያለ የሚያምኑት ሰው ዘንድ ያስቀምጡ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ከቤቱ ጋር ወረቀቱ የነደደበት ሰው፣ የነበረውን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

ቤቱ የእኔ፣ ካርታው የወንድሜ

«34 ዓመቴ ነው፤ ጅዳ ነኝ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለወንድሜ ገንዘብ እየላክሁ ደብረ ብርሃን ቦታ ተገዝቶ ቤት ተሠራ። ካርታው በእሱ ስም ነው። መልካም ሰው ነው፤ አምና ግን አገባ። አሁን ደግሞ ሙሉ ውክልና ላኪልኝ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

እኅታችን፣ ወንድምሽ መልካም ሰው መሆኑ ጉዳዩን አይፈታውም፤ መልካም ሰውም ይሞታል፣ ይፋታል፣ ይበደራል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1195 አስተዳደሩ በሰጠው የባለቤትነት ማረጋገጫ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። እሱ ድንገት ቢያልፍ ቤቱ ለሕጋዊ ወራሾቹ ይሆናል፤ እነሱም «የእኅቱ ነው» ብለው የመመስከር ግዴታ የለባቸውም። ከጋብቻው በኋላ የተሠራ ክፍል ወይም አጥር ካለ ደግሞ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው የሚል ክርክር ይነሣል።

የላክሽበት ደረሰኝስ? ደረሰኝ ገንዘብ መላክሽን ያስረዳል፤ ለምን እንደላክሽው ግን አይናገርም። ስጦታ ነው፣ የእናታችን ቀለብ ነው ሊባል ይችላል። ብድር ነው ብትዪ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት እምነትና መሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም (ቁጥር 2472)። ቤቱን በቃል ነው የተስማማነው ብትዪም የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት መመዝገብ አለበት (ቁጥር 1723)። የሚቀርሽ ያለ አግባብ መበልጸግ የሚባለው ክስ ነው (ቁጥር 2162)፤ ብትረቺ ቤቱን ሳይሆን የላክሽውን ገንዘብ ነው የምታገኚው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላክሽው 400,000 ብር ያኔ ከ14,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ዛሬ ሲመለስልሽ 4,000 አይሞላም። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ቢሆንም መቆጠር የሚጀምረው ማስጠንቀቂያ ከተሰጠበት ጊዜ ነው። ባለቤቱ ውጭ ሆኖ በሰው ስም የተሠራ ቤት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ ቢረዳሽ እንኳ የዋጋውን ጭማሪ አታገኚም።

ስለዚህ ፍቅራችሁ ሳለ ጨርሱት። በመጀመሪያ የቦታውን አመጣጥ ጠይቂ። ከተማ ዳር ከአርሶ አደር የተገዛ ከሆነ ነገሩ ከስም ያልፋል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ እንዲህ ያለ ውል ፍርድ ቤት አያጸናውም፣ «ጨረቃ ቤት» ተብሎ ሊፈርስም ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከእንግዲህ አንድ ብር አትጨምሪበት። በመኖሪያ ቤት ማኅበር የተገኘ ከሆነ ስም ለማዛወር ገደብ እንዳለበት ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። ካርታው ንጹሕ ከሆነ ወንድምሽ በስጦታ ወይም በሽያጭ ውል ያዛውርልሽ፤ ሚስቱም ትፈርም። የእሷ ፊርማ የጎደለበት ውል በኋላ ሊፈርስ ይችላል። የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ ወጪ አለው፤ ከክርክር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ስትልኪ የምትጽፊለት መልእክት ላይ «ለደብረ ብርሃኑ ቤቴ ቆርቆሮ» ብለሽ ጻፊ፤ እሱም «ደርሶኛል፣ ለቤትሽ አውያለሁ» ብሎ ይመልስ። ካርታ ባይሆንም ስጦታ ነበር የሚለውን ክርክር ያዳክመዋል።

ውክልናውን በተመለከተ፣ «ሙሉ ውክልና» የሚባለውን አትላኪ። በሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ መክሰስና መከሰስ ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ (ቁጥር 2204 እና 2205)። በየቦታው የሚታደለው ቅጽ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ገጽ ይዘረዝራቸዋል፤ ፈራሚው ሳያነበው ይፈርማል። ቆንስላው ፊት ስትቀርቢ የሚያስፈልገውን አንድ ሥራ ብቻ አስጽፊ፦ «በስሜ የተመዘገበውን ቤት ለማከራየት፣ ግብር ለመክፈል» በቃ። ማብቂያ ቀን ይኑረው። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገቡንም አትርሺ፤ ያለዚያ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ይመልሰዋል። ስትሽሪው ደግሞ መሻሪያውን ለተመዘገበበት ቢሮ፣ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱና ለባንኩ በየፊናው አድርሺ። መሻሩን ያልሰማ ቢሮ የድሮውን ውክልና አይቶ ያስተናግዳል።

ልጄ የላከችውን በላሁት

«63 ዓመቴ ነው። ልጄ ኩዌት ሦስት ዓመቷ ነው። በየወሩ በሐዋላ ትልካለች፤ ግማሹን አስቀምጥልኝ ትላለች። እህል ሸመትሁ፣ ቆርቆሮ ቀየርሁ፣ ለወንድሟ ሠርግም ወጣ። የተቀመጠ የለም። እንዴት ብዬ ላስቀምጥላት?» — ከመሐል ሜዳ

አባታችን፣ እርስዎ አያስቀምጡላት፤ ራሷ ታስቀምጥ። የቤት ችግርና የልጅ አደራ በአንድ ኪስ ከገቡ ችግሩ ያሸንፋል፤ ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የኖረ ኢትዮጵያዊ በአገር ቤት ባንክ በስሙ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ መክፈት ይችላል። ፓስፖርቷንና የመኖሪያ ፈቃዷን ይዛ በኤምባሲው ወይም ባንኩ ውጭ ላሉ ደንበኞች ባዘጋጀው መንገድ ትክፈተው። በወሩ የምትልከውን ለሁለት ትክፈለው፦ የቀለቡ በእርስዎ ስም፣ የቁጠባው በራሷ ሒሳብ። ከባንክ ውጭ በሐዋላ የሚመጣው አንዳንዴ ጥቂት ብር ይበልጥ ይሆናል፤ ግን ወረቀት የለውም። ነገ ብድር ስትጠይቅ ወይም ከላይ እንዳለችው እኅት ስትከራከር የምታቀርበው የባንክ መግለጫ አይኖራትም።

አንድ ነገር ይንገሯት። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68 እ.ኤ.አ. 2015) ሥራው ሲያበቃ ለያንዳንዱ የሥራ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንዲከፈል ያዝዛል። ኳታር ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ በዓመት፣ ሳዑዲ ደግሞ ለቤት ሠራተኛ አራት ተከታታይ ዓመት ሲሞላ የአንድ ወር ደመወዝ ትሰጣለች። አብዛኞቹ ልጆቻችን ይህን ሳይጠይቁ አውሮፕላን ላይ ይወጣሉ፤ አገር ቤት ከገቡ በኋላ መጠየቅ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ውሉን ከነቀኑ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትያዝ፤ ደመወዝ በባንክ እንዲገባላት ትጠይቅ፤ የመውጫ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ሒሳቡን ታንሣ። አምስት ዓመት ከሠራች የአምስት ወር ደመወዝ ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ ይህ የበግ መንጋ ይገዛል።

ላም ወይስ ባጃጅ?

«41 ዓመቴ ነው፤ ከዱባይ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ነኝ። 600,000 ብር አለኝ። ጓደኞቼ ባጃጅ ግዛ ይላሉ፤ እኔ የወተት ላም አስባለሁ። አባቴ አንድ ጥማድ መሬት አውርሶኛል።»

ባጃጅ ዋጋው በብር ላይወርድ ይችላል፤ ሞተሩ ግን ያልቃል፣ ገቢውም በእጅዎና በዓይንዎ ላይ የቆመ ነው። 60 ሲሞላዎ ማን ሊያሽከረክረው ነው? ላሟን እንመርጣለን፤ ግን ሙሉውን ገንዘብ በላም አይጨርሱት።

በሁለት ይጀምሩ፦ አንድ የምትታለብ ድቅል ላምና አንዲት የስድስት ወር ርጉዝ ጊደር። ከገበያ ሳይሆን ከቤት ይግዙ። ሻጭ ከዋዜማው ሳያልብ ጡቷ ተወጥሮ ገበያ ሊያወጣት ይችላል፤ ስለዚህ ማታ እርስዎ ባሉበት ትታለብ፣ ጠዋት ተመልሰው ሁለተኛውን አለባ ይለኩ። አራቱም ጡቶች ለየብቻ ይታዩ፤ ወተቱ ከረጋ ወይም ደም ከቀላቀለ የጡት በሽታ አለ። ለውርጃ በሽታና ለሳንባ ነቀርሳ ሳትመረመር ብር አይክፈሉ።

በደኅና አያያዝ በቀን ከ8 እስከ 12 ሊትር ትሰጣለች። ለያንዳንዱ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር አንድ ኪሎ ድብልቅ መኖ ይታሰብ፤ 10 ሊትር የምትሰጠው ከ4 እስከ 5 ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ ትበላለች። ድርቆሽ በቀን 10 ኪሎ ቢሆን በዓመት 3,650 ኪሎ ነው፤ እስሩ 15 ኪሎ ቢመዝን ወደ 240 እስር ይሆናል። ይህን በኅዳር፣ አጨዳው እንዳለቀ ይግዙ፤ ግንቦት ላይ የሚሸምት ሰው ወተቱን ለድርቆሽ ነጋዴ ነው የሚያልበው። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው ብቅል ተረፈ ምርት ርካሽ ነው፤ እርጥብ ስለሆነ በጥቂት ቀን ይሻግታል፣ ትኩሱን ብቻ ይስጡ።

አትራፊውን ከከሳሪው የሚለየው ማዳቀሉ ነው። ላም በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ጠዋት ምልክት ያሳየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያሳየች በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀል። አንድ ዙር ባመለጠ ቁጥር የሦስት ሳምንት መኖ በከንቱ ይሄዳል። በጥቅምትና በኅዳር የደብረ ብርሃን ውርጭ ጥጃ ይገድላል፤ ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን፣ ነፋስ የሚገባበት በኩል ይዘጋ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ የወተት ገበያ ይወድቃል። አስቀድመው መናጫና የቅቤ ደንበኛ ያዘጋጁ፤ ላሟ የምትደርቅበት (ወተት የምታቆምበት) ሁለት ወር ከጾሙ ጋር እንዲገጥም የሚያዳቅሉበትን ወር ካሰቡበት ደግሞ ይበልጥ ያተርፋሉ። የመኖና የሕክምና ስድስት ወር ወጪ ባንክ ሳይቀመጥ ሦስተኛ ላም አይታሰብ።

የአባትዎን ጥማድ ለእርጅናዎ ያድርጉት። ሩብ ሄክታር ላይ በአንድ ሜትር ርቀት 2,500 ባሕር ዛፍ ይቆማል። የመጀመሪያው ቆረጣ ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው በየ4 እና 5 ዓመቱ ይደርሳል፤ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ምንጭ ካለበት ይራቅ፣ ከጎረቤት ማሳም ይራቅ፤ ጎረቤት ሲጣላ ከፍሬው ክሱ ይበዛል። ከሁሉ በፊት ግን ውርሱ በስምዎ ይዙርና የይዞታ ደብተሩን ይያዙ። እርስዎ ዱባይ ሳሉ መሬቱን በእኩል ያረሰው ሰው ካለ፣ ውሉ ወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገቡን ያጣሩ፤ በቃል የተሰጠ መሬት ሲቆይ «ይዞታዬ ነው» ማስባሉ አይቀርም።

እድሩ ይመልሰኛል?

«11 ዓመት ውጭ ስለነበርሁ የእድር አልከፈልሁም። አሁን መመለስ ይቻላል? ጤና መድንስ?» — ከደብረ ሲና

የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ይወስነዋል። ብዙዎቹ የቀረውን ወርኃዊ መዋጮ ወይም የአዲስ አባል መግቢያ አስከፍለው ይቀበላሉ፤ ሁለቱን አስልተው ያነሰውን ይጠይቁ። ከተመዘገቡ በኋላ እድሩ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ስንት ወር ቆይቶ እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙ፤ ክርክር የሚነሣው በዚህ ላይ ነው። ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ቀበሌ ሄደው በምዝገባው ወቅት በዓመታዊ ክፍያ ይግቡ፤ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ወቅቱ ካለፈ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃሉ። የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ስም ከነፎቷቸው መታወቂያው ላይ መስፈሩን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ፤ ስሟ የተረሳ እናት ሆስፒታል በር ላይ ከኪስ ትከፍላለች።